ሰባት ወር የወጪ ደብዳቤ

«ራሳቸው አጥፍተውት ቢሆንስ?» የሚለው ቃል በኮምፔንሳቶው ግድግዳ በኩል ሲመጣ መታሰቢያ የራሰ ጃንጥላዋን ገና አላጠፈችም ነበር። ተናጋሪዋ የሰው ሀብት ኃላፊዋ ጃለኔ ናት። «ማመልከቻውን መላክ ረሱ እንበል፤ እንዳይታወቅባቸው ኮምፒውተሩን ራሳቸው ቢያበላሹትስ? እኔ አላልኩም፤ ሰዉ ነው የሚለው» ብላ ጨመረች። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ሐሜት ባለቤት ኖሮት አያውቅም፤ ሁልጊዜ «ሰዉ» ነው የሚያማው። መታሰቢያን ግን የወጋት ይህ አልነበረም። ከጃለኔ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሥራ አስኪያጁ ፈንታሁን ነው፤ ፈንታሁን የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሸሚዙን ተኩሳ፣ ራቱን ከድና እያቆየች ያስተማረችው። አሁንም ከአንድ ግቢ ነው የሚያድሩት። «እትዬማ እንዲህ አታደርግም» ይላል ብላ ጠበቀች። ማንኪያ ብርጭቆ ሲያማስል ተሰማት። ስኳሩ መሟሟት ካለበት በላይ ቆይቶ ሟሟ። ከዚያ ፈንታሁን «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሚቴው ይቀመጣል፤ እዚያ ይታያል» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መቱ ያለው ዩኒየን ከሁሩሙ፣ ከያዮና ከጎሬ ዙሪያ ያሉ ንብ አናቢዎችን የያዘ ነው። ማሩ በደህና ገበያ እንዲሸጥ የጥራት ሰርተፍኬቱ በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ማመልከቻውም እስከ የካቲት ሠላሳ አዲስ አበባ መድረስ አለበት። ባለፈው ዓርብ የታደሰላቸው ዝርዝር ሲወጣ ዩኒየኑ የለበትም። ሲደወል «ማመልከቻችሁ አልደረሰንም» ተባለ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ መታሰቢያ ግን የካቲት ሃያ አራት ቀን በኢሜይል ልካዋለች። ቁጥሩን እንኳን ታስታውሰዋለች፤ ወጪ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት። የወረቀት ቀሪውም ማህደሩ ውስጥ አለ፤ ጃለኔ ግን «ወረቀቱ መጻፉን እንጂ መላኩን አያሳይም» አለች፤ ክፋት ይኑራት አይኑራት እንጃ፣ አባባሏስ እውነት ነበር። ሰኞ ዕለት መታሰቢያ የኢሜይል ፕሮግራሙን ከፍታ የተላኩትን ስታይ ከመስከረም እስከ መጋቢት ያለው የሰባት ወር ወጪ ደብዳቤ አንድም የለም። ላብ ላብ እያላት ስትፈልግ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ፕሮግራሙ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ጭራሽ አልከፈትም አለ፤ የላኩትም፣ የተቀበሉትም፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ታፍኖ ቀረ። ዛሬ ረቡዕ ነው። ኮሚቴው ጥፋተኛ ናት ካለ፣ ጡረታዋ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በሃያ ስምንት ዓመት አንድ ማስጠንቀቂያ ያልገባበት የግል ማህደሯ ውስጥ የስንብት ደብዳቤ ይገባል። ቁጥር ሰጥታ የምታስገባውም ራሷ ናት። ሌላ መዝገብ ቤት የለማ!

የመዝገብ ቤቱ ክፍል አራት ሜትር በሦስት ነው። በሰኔ ግድግዳው ያልበዋል፤ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ማህደር አይቀመጥም፤ ባዶ የማር ጣሳዎች ተደርድረው ጣውላውን ከወለሉ ርጥበት ያነሱታል። ኮምፒውተሩ በመስኮቱ በኩል በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዮፍታሄ ገባ፤ ከዋናው መንገድ ዳር የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ያለው፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ጃኬቱን የማያወልቅ ሰው። ሥራ አስኪያጁ ነው የጠራው። ቁልፎቹን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገና ፈረደ። «ፎርማት ነው። ሁለት መቶ ሃምሳ ብር። አዲስ ይሆንላችኋል።»

«ደብዳቤዎቹስ?»

«እትዬ፣ የሞተ ሞተ። ከአዲሱ ጋር ይቀጥሉ።»

አገሩን የፈጀው ይህች «ፎርማት» ናት። አንድ ነገር ሲታመም ምኑን እንዳመመው ሳይጠይቁ ከሥሩ ጠርጎ «አዲስ» ማለት! መታሰቢያ አልተቆጣችም፤ ተነስታ የኮምፒውተሩን ማጥፊያ በመዳፏ ከለለችው። «አንተ ልጅ፣ ቤትህ ቢያፈስ ቆርቆሮ ትቀይራለህ ወይስ ቤቱን ታቃጥላለህ?» አለችው። ከመሳቢያዋም በላስቲክ የተጠቀለለ ጥራዝ አወጣች። ከአምስት ዓመት በፊት ጅማ ላይ ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። ከዩኒየኑ አምስት ሰዎች ሄደው አራቱ አበል ፈርመው፣ ምሳ በልተው፣ ኮፍያ አድርገው ተመለሱ፤ መታሰቢያ ደግሞ ጥራዙን ይዛ፣ ጠርዙ ላይ በእርሳስ እየጻፈች ተመለሰች። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ እንዲህ ይላል፤ የፕሮግራሙ ደብዳቤዎች ሁሉ የሚቀመጡት በአንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ነው፤ ፋይሉ ቢጎዳ ፕሮግራሙ የራሱ መጠገኛ አለው። ከጎኑ በእሷ ጽሕፈት «መጀመሪያ ቅጂ!!» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ዮፍታሄ አነበበ፤ ጃኬቱንም አወለቀ።

«ይሄንን መጠገኛ ሰምቼዋለሁ፤ ተጠቅሜበት ግን አላውቅም» አለ፤ ይህን ማለቱ ከሁለት መቶ ሃምሳው ብር በላይ አስከበረው።

«እኔም አልተጠቀምኩበትም። ግን ዋናው ሰነድ አይነካም፤ በቅጂው ነው የሚሠራው። ይሄ የኮምፒውተር ሕግ አይደለም፣ የመዝገብ ቤት ሕግ ነው።»

ፋይሉን ወደ ዮፍታሄ ሃርድ ዲስክ ሲገለብጡ አንድ ሰዓት ሄደ። መጠገኛውን በቅጂው ላይ ሲያስነሱት አረንጓዴዋ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ቀንድ አውጣ መሳብ ጀመረች። አራት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ባትሪ፣ መጮህ ያዘ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ይይዛል። መታሰቢያ ወጥታ በዝናቡ ከጎረቤቱ የእንጨት ሥራ ቤት ደጃፍ ቆመች። ባለቤቱ ኩመራ ጀነሬተሩን ገና ማስነሳቱ ነበር። በአፋን ኦሮሞ ሰላምታውን አደረሰች፤ ስለ ላሙ ጠየቀች፤ ስለ ልጁ ጠየቀች። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ጉዳይዋን ተናገረች። ከስምንት ዓመት በፊት የዚህ ሰው የቦታ ካርታ ቅጂ ከየትም ጠፍቶ ሳለ፣ ከማይገናኝ ማህደር ውስጥ መዝዛ ያወጣችለት እሷ ናት። እሷ አላነሳችውም፤ እሱም አላነሳውም። ሃያ ሜትር ገመድ በመስኮቱ ገባ። ዩፒኤሱም ዝም አለ።

ለምሳ ስትነሳ መስመሯ ገና ግማሽ ላይ ናት። ዮፍታሄ «እኔ እጠብቃለሁ፣ ይሂዱ» አላት። ዝናቡ እስኪያባራ አልጠበቀችም፤ በሦስት ብር ባጃጅ ይዛ ቤቷ ገባች። ምሳ የሚበሉት ከአንድ ትሪ ነው፤ ፈንታሁን እስካሁን አላገባም። ጠዋት የሠራችውን ሽሮ አሞቀች፤ ቃሪያ ሰነጠቀች፤ ቲማቲም ኪሎው አሥራ ስድስት ብር ስለገባ አንዱን ብቻ ቆረጠች። ፈንታሁን መጣ፤ ጫማውን በር ላይ አወለቀ፤ እጁን ሲታጠብ ውኃ ያፈሰሰችለት እሷው ነች፤ ልማድ ቂም አያውቅም። ቤቱ ውስጥ ያለው ድምፅ የሬዲዮኑና የቆርቆሮው ዝናብ ብቻ ነው። ሬዲዮኑ ስለ ማዳበሪያ ያወራል። ፈንታሁን ቁራሽ ወደ አፉ ሲወስድ፣ ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ መልሶ በቁራሹ ሲደፍነው ሦስት ጊዜ አየችው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ፎቶግራፍ የባሏ ዓይን ሁለቱንም ያያቸዋል። «ቡና ላፍላልህ?» አለችው። «ይረፍድብኛል» አላት። ጫማውን ሲያስር ጀርባውን ሰጥቷት «እትዬ፣ በኮሚቴው ፊት ወይዘሮ ብዬ ነው የምጠራሽ፤ ሥራ ስለሆነ ነው» አለ። «እኔም አቶ እልሃለሁ» አለችው፤ ትሪውንም አነሳች። በጉርሻ ያሳደገችው ሰው ፍርድ ሊሰጥባት እየተዘጋጀ፣ የጨነቀው የማዕረግ ነገር ነው! ትሪው ላይ ግማሽ እንጀራ ተርፎ ነበር፤ ያን ዕለት ሁለቱም አልጠገቡም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ስትመለስ ዮፍታሄ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። «ተነሥቷል!» አላት። በእርግጥም ፋይሉ ተነሥቷል፤ ግን እንዴት ያለ አነሣሥ! መታሰቢያ በአምስት ዓመት ውስጥ ያበጀቻቸው ማህደሮች፣ ገቢው ለብቻ፣ ወጪው ለብቻ፣ ሁሩሙ፣ ያዮ፣ ጎሬ እያለ የተከፈለው ሁሉ ስሙ ጠፍቷል። ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ደብዳቤ «የተገኙ» በሚል በአንድ ማህደር ውስጥ እንደ ጎርፍ ትራፊ ተቆልሏል። ዮፍታሄ አንገቱን ነቀነቀ። «በአንድ ሰዓት ተኩል ይሄን ማን ይለየዋል?»

መታሰቢያ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። በሰማኒያ ሦስት ዓመተ ምሕረት መንግሥት ሲለወጥ፣ ጎሬ ላይ የሁለት ዓመት ሠራተኛ ነበረች፤ የመሥሪያ ቤቷ ወረቀት በሙሉ ግቢው ውስጥ ተበትኖ ዝናብ ሲወርድበት አይታለች። ትልልቆቹ «አበቃለት» ብለው ቤታቸው ሲገቡ፣ እሷ ሦስት ወር ሙሉ አንዱን ወረቀት ከአንዱ እያላቀቀች፣ በገመድ ላይ እንደ ልብስ እያሰጣች፣ በቁጥሩ መልሳ አሰናድታዋለች። ወረቀት ቦታውን ቢያጣ ቁጥሩን አያጣም፤ ይህን ያወቀችው ያኔ ነው። ኢሜይል ሲመጣም ያንኑ አደረገች፤ በእያንዳንዱ ወጪ ደብዳቤ ርዕስ መጀመሪያ ላይ የወጪ ቁጥሩን ትጽፋለች። የቢሮው ሰው ስቆባታል። ጃለኔ «አዴ መታሰቢያ ኢሜይሉንም ማኅተም ሊመቱት ነው» ብላ በሻይ ሰዓት አስቃባታለች።

«በርዕሱ ቅደም ተከተል አሰልፍልኝ» አለችው ዮፍታሄን። አንድ ጊዜ ተጫነ፤ ያ ሁሉ ክምር እንደ ሰልፈኛ ተራውን ያዘ። የሳቁባት ቁጥር ነው ያሰለፈው።

ወጪዎቹ ግን እዚህም የሉም። ከነሐሴ ዘልሎ ሚያዝያ ይገባል። ሆኖም ሌላ ነገር ተሰልፎ ነበር። መታሰቢያ ደብዳቤ በእጅ ስታደርስ የተቀባዩን ፊርማ በማስረከቢያ ደብተር ላይ ሳታስፈርም ተመልሳ አታውቅም፤ በኢሜይሉም «ሲነበብ ይነገረኝ» የምትለዋን ሳጥን ምልክት ሳታደርግ ልካ አታውቅም። የተነበበ፣ ወጪ ሁለት መቶ አሥራ አምስት። የተነበበ፣ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት። የተነበበ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት! ከፈተችው። ከአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር በራሱ የተመለሰ አጭር ማረጋገጫ ነው። ዮፍታሄ ጮክ ብሎ አነበበና ሳቁ መጣበት።

«የተላከው ማርች ሦስት፣ ሁለት ሺህ ዘጠኝ። የተነበበው ማርች ስድስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት። እትዬ፣ ደብዳቤዎ ስምንት ዓመት መንገድ ላይ ነበር። በእግሩ ነው እንዴ የሄደው?»

መታሰቢያ አልሳቀችም። ሁለት ሺህ ዘጠኝን አፍጥጣ አየችው። የዘንድሮው ዓመት ነው፤ የእኛው። የእኛው ዓመት በፈረንጅ ወር ላይ ምን ይሠራል? ከዚያ መስከረም ትዝ አላት። ፈንታሁን በተሾመ በሁለተኛው ቀን ክፍሎቹን ሊጎበኝ ገብቶ፣ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ የኮምፒውተሩን ሰዓት አየና «ይሄ ነገር ሰባት ዓመት ቀድሞን ሄዷል እኮ! ምን ዓይነት ግዴለሽነት ነው?» አለ። ወሩንና ቀኑን ሳይነካ ዓመቱን ብቻ በገዛ እጁ ሁለት ሺህ ዘጠኝ አደረገው። እሷም «እሰይ፣ ዓይንህ ስል ነው» ብላ አመሰገነችው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የፈረንጁ ዓመት ዞሮ ሁለት ሺህ አሥር ሲልም መልሶ ሁለት ሺህ ዘጠኝ አደረገው። ከዚያ ወዲህ የሚላከው ሁሉ ሁለት ሺህ ዘጠኝ እየተባለ ወጣ፤ ዓመቱ የራሳችን ነውና ማንም አልደነገጠም። አዲስ አበባም ከፍቶ ቢያነበው፣ ቀኑን አይቶ ከስምንት ዓመት በፊት ከመጡት ጋር አስቀምጦት ይሆናል። ሚያዝያ መባቻ ላይ ዮፍታሄ ራሱ የቫይረስ መከላከያ ሊጭን መጥቶ፣ ዓመቱ አላስጭን ስላለው መልሶ አስተካከለው።

በማግሥቱስ? በማግሥቱ ፕሮግራሙ አንድ ጥያቄ ጠየቃት። ያረጁ ደብዳቤዎች አሉ፤ ወደ አርካይቭ፣ ወደ አሮጌ ሰነድ ማኖሪያው፣ ይግቡ? በሃያ ስምንት ዓመት ሰነድ ወደ አርካይቭ ይግባ ብሎ ፈቃዷን የጠየቃት አለቃ አልነበረም፤ ሁሉም «አንቺ ታውቂያለሽ» ነው የሚሏት። ደስ አላት። ምን ያህል እንዳረጁ፣ የትኞቹ እንደሆኑ ሳትጠይቅ «አዎ» አለች። ለኮምፒውተሩ የሰባቱ ወር ደብዳቤዎች የስምንት ዓመት ሽማግሌዎች ነበሩ። ጠርጎ ወሰዳቸው።

«አርካይቭ የሚባል ሌላ ፋይል ይኖራል» አለች። ዮፍታሄ ፈለገ። ከዲስኩ አንድ ጥግ፣ ማንም ከማይገባበት ክፍል፣ ጭረት ሳይነካው ተገኘ። ከፈቱት። ሰባት ወር የወጪ ደብዳቤ፣ አንድም ሳይጎድል፣ በቁጥሩ ተኮልኩሎ ተቀምጧል። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ከነአባሪዎቹ አለ። ስምንት ሰዓት ከአርባ ሆኗል። ዮፍታሄ ማተሚያውን እያስነሳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዓመቱን ማን እንደቀየረው አውቀዋል፣ ፊትዎ ላይ ይነበባል። ሲስተም ነው ይበሉና ይለፍ። ሲስተም ቤተሰብ የለውም።»

ኮሚቴው በሥራ አስኪያጁ ክፍል ተቀመጠ፤ ፈንታሁን፣ ጃለኔ፣ ከአናቢዎቹ ደግሞ ከያዮ የመጡት ኦቦ ደበሳ፣ ቦት ጫማቸው ላይ የጫካ ጭቃ እንዳለ። መታሰቢያ ሁለቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ደብዳቤውና ማረጋገጫው። የተነበበው የካቲት ሃያ ሰባት ነው፤ ከማብቂያው ቀን ሦስት ቀን ቀድሞ። ኦቦ ደበሳ አዲስ አበባ ያነበበበትን ቀን በጣታቸው ተከትለው «ታዲያ አልደረሰንም ያለው ማን ነው? ዛሬውኑ ይላክለት!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ጃለኔ ፊቷ ቀላ፤ እፎይ አለችም፤ ቃለ ጉባኤውን ስባ በአፋን ኦሮሞ «ረኮ ሲስተማ» ብላ ጻፈች፤ የሲስተም ችግር ማለቷ ነው። ፈንታሁን ብዕሩን አነሣ፤ ሁሉም ሊፈርም ነው። እንዲህ ነው እኛ ዘንድ ጥፋት የሚቀበረው። ውኃ ቢጠፋ ሲስተም፣ ደመወዝ ቢዘገይ ሲስተም፤ ሰው ለማባረር ሲሆን ግን ስም ከነአባት ተፈልጎ ይገኛል!

«አትፈርሙ» አለች መታሰቢያ።

«አዴ መታሰቢያ፣ እርስዎ እኮ ነጻ ወጡ» አለች ጃለኔ።

«ነጻ መውጣቴን አልጠየቅሁም። የሆነው ይጻፍ። ጠዋት ሰው አጠፋው ተብሎ ነበር፤ ከሰዓት ማሽን አጠፋው አይባልም። ሲስተም አይደለም፣ ሰው ነው። ሁለት ሰው። አንዱ የኮምፒውተሩን ዓመት ቀየረ። ሌላዋ፣ ማለት እኔ፣ ምን እንደምትጠየቅ ሳታጣራ አዎ አለች። የእኔ ስም መጀመሪያ ይጻፍ።»

«አንደኛውስ?» አሉ ኦቦ ደበሳ።

መታሰቢያ ፈንታሁንን አላየችውም፤ መስኮቱን፣ በመስኮቱ የገባውን የኩመራን ገመድ ነበር የምታየው። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ በረታ። ፈንታሁን ብዕሩን ከደነ፤ መልሶ ከፈተ። ምሳ ሰዓት ላይ ሦስት ጊዜ በቁራሽ የደፈነው አፉ አሁን የሚደፍንበት አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አለ። «መስከረም ላይም፣ ታኅሣሥ ላይም። ተሳስቷል ብዬ፣ ሰው እየተቆጣሁ። ጃለኔ፣ ጻፊ። ጠዋት በዚህች ሴት ላይ ስትናገሪ ዝም ማለቴንም ብትጽፊው ደግ ነበር፤ ግን ለእሱ አጀንዳ አልያዝንም።»

ጃለኔ «ረኮ ሲስተማ»ን በአንድ መስመር ሰረዘችና ሁለት ስም ጻፈች። ስሟ የቀደመላት መታሰቢያ ፈረመች።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ለሰርተፍኬት ሰጪዎቹ ደብዳቤው ከነማረጋገጫው በድጋሚ ተላከ፤ ቁጥር ተሰጠው፤ ሳጥኗም ምልክት ተደረገባት። ዮፍታሄ ሁለት መቶ ሃምሳ ብሩን አልቀበልም ብሎ፣ የገጽ ሠላሳ አንድን ፎቶ በስልኩ አንስቶ ሄደ። መታሰቢያ አዳዲስ ማህደሮች ከፈተች፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ሁሩሙ፣ ያዮ፣ ጎሬ። ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ደብዳቤ ቤቱን ይጠብቃል። የመጀመሪያውን ይዛ ስትጎትት በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ፈንታሁን ነው። ኮቱን አጥፎ ክንዱ ላይ ይዟል፤ እንግዳ እንኳ የማይቀመጥበትን ባለ ሦስት እግር ዱካ በእግሩ ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ።

«ምን ላግዝሽ፣ እትዬ?»

መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። «ዓይኔ ደክሟል» አለችው። «ቁጥሩን አንተ አንብብልኝ። ዓመቱን እኔው አያለሁ።»